ያገለገለ የስፌት መኪና ገዝቶ የቤት ውስጥ ጥልፍ ስለ መጀመር
(በቅሬያችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ቅሬ ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ድንኳኑ፣ ቃሬዛው፣ ድስቱና አግዳሚው ነው፡፡ ዛሬ ግን ከሐዘኑ ወጣ ብዬ ስለ እንጀራ ጥቂት እንድናገር ኮሚቴው ፈቅዶልኛል፡፡ ምክንያቱም እቁብ በደረሳቸው ማግሥት «የጥልፍ መኪና አግኝቻለሁ፣ ውል ጻፍልኝ» እያሉ ወደ ቤቴ የሚመጡ እህቶች እየበዙ ሄደዋል፡፡ ውሉን መጻፉ ቀላል ነው፡፡ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የዓመት እቁብ በአንድ ቀን ወጥቶ መኪናው ከጥግ ተቀምጦ አቧራ ሲጠጣ ማየቱ ነው፡፡

እኔ ራሴ ጠላፊ አይደለሁም፤ ጸሐፊ ነበርኩ፡፡ ነገር ግን ብዙ ዘመን የሽያጭ ውል ስጽፍ፣ ከውሉ በኋላ የሚመጣውንም ክርክር ስመዘግብ ስለኖርኩ፣ ያገለገለ ዕቃ ግዥ ከየት ላይ እንደሚበላሽ አይቻለሁ፡፡ ስለ መኪናው ሆድ ዕቃ የምነግራችሁን ደግሞ አብዛኛውን የሰማሁት ከባለቤቴ ነው፡፡ እርሷ በእግር መኪና ስትጠልፍ ነው ልጆቻችንን ያሳደገችው፡፡ እዚያው ከሴቶቹ ወገን ተቀምጣለች፤ ብሳሳት ታርመኛለች፡፡

በመጀመሪያ ጥልፍ በእኛ አገር ገበያ አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፡፡ አለው፡፡ ከሚሴ የአዲስ አበባና የደሴ መንገድ የሚያልፍባት ከተማ ናት፡፡ የሰንበቴ ገበያ እሑድ ይቆማል፤ የባቲ ደግሞ ሰኞ ነው፡፡ በነዚህ ገበያዎች ላይ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አፋሩ፣ አርጎባው ይገናኛል፡፡ ሙሽራ ጥልፍ ያለበት አንሶላና የትራስ ልብስ ሳትይዝ ከቤቷ አትወጣም፡፡ አንገቱና ደረቱ የተጠለፈ ቀሚስ፣ ለዒድ የሚለበሰው ጀለቢያና ኮፍያ፣ ለሠርግ የሚደረበው ካባ፣ ይህ ሁሉ ሥራ ነው፡፡ ከከተማ ተሠርቶ የሚመጣውም አለ፤ ሆኖም የእኛ ሰው ልኩንና ቀለሙን እያሳየ ማሠራት ይወዳል፡፡ ስለዚህ የሥራ እጥረት አይደለም ያለብን፡፡

ዋናው ጥያቄ ታዲያ የትኛውን መኪና ነው? አዲሱን ለመግዛት ለብዙዎቻችን ከበደ፡፡ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ሱቅ ገብቶ የጠየቀ ያውቀዋል፡፡ ስለሆነም ሰው ዓይኑን ወደ አሮጌው አዞረ፡፡ በዚህ አልቃወምም፡፡ እንዲያውም እኔ ለጀማሪ የምመርጠው አሮጌውን የእግር መኪና ነው፡፡

አንዳንዶች «የእግር መኪና ልብስ ይሰፋል እንጂ አይጠልፍም» ይላሉ፡፡ ይህ ስሕተት ነው፡፡ ሲንጀር በአሜሪካን አገር ለስፌት መኪናው ፓተንት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1911 በዚያው በቤት ውስጥ የእግር መኪና ጥልፍ እንዴት እንደሚጠለፍ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትሞ ነበር፡፡ አሠራሩም እንዲህ ነው፡፡ ጨርቁን የሚጫነው እግር ይወልቃል፡፡ ጨርቁን ከሥር የሚገፋው ጥርስ እንዲወርድ ይደረጋል፤ መውረጃ የሌለው ከሆነ በስስ ሳህን ብረት ይሸፈናል፡፡ ከዚያ ጨርቁ በክብ እንጨት ተወጥሮ ይገባል፤ እግር ይረግጣል፣ ሁለት እጅ ክቡን ወደፈለገው ያስኬዳል፡፡ መርፌው እርሳስ፣ ጨርቁ ወረቀት ሆነ ማለት ነው፡፡ እጅ እስኪላመድ ወራት ይፈልጋል፡፡ ከተላመደ በኋላ ግን መብራት በጠፋ ቀን የማይቆም ሥራ ነው፡፡ ቢራቢሮ የሚባለው የቻይና መኪናም በዚሁ መንገድ ይጠልፋል፡፡

አሁን ደግሞ ከዐረብ አገር ስለሚመጣው መኪና ልናገር፤ እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ሲጠፋ አይቻለሁና፡፡ ልጆቻችን ሳዑዲና ቤሩት ደክመው ሲመለሱ ኮምፒዩተር ያለው ትንሽ የጥልፍ መኪና ይዘው ይመጣሉ፤ ኋላ ገንዘብ ሲቸግር ይሸጡታል፡፡ መኪናው መልካም ሊሆን ይችላል፡፡ ነገር ግን ከጀርባው ወይም ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳታነቡ ገንዘብ አትቁጠሩ፡፡ የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፡፡ በሳዑዲ ለብዙ ዘመን የቤት መብራቱ 127 ቮልት የሆነ ሰፈር ነበር፤ ከአሜሪካን የሚመጣውም ዕቃ በ120 ነው የሚሠራው፡፡ ጽሑፉ «110»፣ «120» ወይም «127» ብቻ የሚል ከሆነና እኛ ሶኬት ላይ እንዲሁ ከተሰካ፣ ጭሱን ነው የምታዩት፡፡ የግድ ከተገዛ መቀነሻ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የእርሱም ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይታሰብ፡፡ «ከ100 እስከ 240» የሚል ከሆነ ግን ችግር የለም፡፡

ሁለተኛው ነገር የክቡ ስፋት ነው፡፡ ብዙዎቹ ትናንሽ የቤት መኪናዎች በአንድ ጊዜ የሚጠልፉት 10 ሳንቲ ሜትር በ10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፡፡ ለልጅ ልብስ፣ ለመሐረብ፣ ለትራስ ጥግ ይበቃል፡፡ ከአንገት እስከ ወገብ ለሚወርድ የቀሚስ ጥልፍ ግን እየፈቱ እየወጠሩ መገጣጠም ነው፤ መገጣጠሚያው ከተዛነፈ ቀሚሱ ተበላሸ፡፡ ሻጭዋን «ትልቁ ክብ አለው ወይ? ሥዕሉ በምን ነው የሚገባለት?» ብላችሁ ጠይቁ፡፡ ሥዕል መጫኛው ከጠፋ በሆዱ ካለው አበባና ፊደል በቀር ሌላ አይጠልፍም፡፡ ደግሞም ሲበላሽ ከሚሴ ላይ ማን ይከፍተዋል? ይህን ጥያቄ ሳትመልሱ እንዳትገዙ፡፡

ከፋብሪካ የወጣ ትልቅ መኪና በርካሽ ተገኘ የሚባልም አለ፡፡ ይህን ባልንጀራዬ የሆነ የመብራት ሠራተኛ ነው ያስረዳኝ፡፡ የፋብሪካ ሞተር ብዙውን ጊዜ ሦስት ፌዝ፣ 380 ቮልት ነው፤ ወደ ቤታችን የሚገባው መስመር ግን አንድ ፌዝ ነው፡፡ ስለዚህ ሞተሩ መለወጥ አለበት፡፡ ሲለወጥም የዱሮው ዓይነት ሞተር ግማሽ የፈረስ ጉልበት፣ ይኸውም 400 ዋት ገደማ ሆኖ፣ መብራቱ እስከበራ ድረስ ሳትሰፉም ይዞራል፤ ቆጣሪውም አብሮ ይዞራል፡፡ ሰርቮ የሚባለው አዲሱ ሞተር ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ነው የሚሠራው፡፡ ለቤት ሥራ ከሆነ እርሱ ይሻላል፡፡

ወደ አሮጌው መኪና አመራረጥ ልመለስ፡፡ ደላላ ቀለም ቀብቶ፣ አብረቅርቆ ያቀርባል፡፡ ቀለም አይሰፋም፡፡ ባለቤቴ መኪና ልታይ ስትሄድ የምትይዘው የራሷን አቡጀዲ፣ የራሷን አዲስ መርፌና ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ክር ነው፡፡ በሻጩ ጨርቅ አትሞክርም፤ ምክንያቱም ሻጩ መኪናው የሚስማማውን ጨርቅ ያውቃልና፡፡

መጀመሪያ ክሩን ሁሉ ታወጣና መዘውሩን በእጅዋ ቀስ አድርጋ ታዞራለች፡፡ እኩል መዞር አለበት፡፡ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ወይም የሚንኳኳ ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል፡፡ ሙሉ በሙሉ ከብዶ የሚዞር ከሆነ ግን አትደንግጡ፡፡ የከበደ ሁሉ የሞተ አይደለም፡፡ ብዙ ጊዜ የቆመ መኪና ዘይቱ ይደርቅና ሙጫ ይሆናል፤ በተለይ የወጥ ዘይት ያጠጡት ከሆነ፡፡ ይህ በላምባ ታጥቦ፣ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ፣ የስፌት መኪና ዘይት ሲጠጣ ይፈታል፡፡ እንዲያውም እንዲህ ዓይነቱ መኪና ዋጋው የሚረክሰው ሻጩ ራሱ ሞቷል ብሎ ስለሚያስብ ነው፡፡ ብልህ ገዢ የምታተርፈው እዚህ ላይ ነው፡፡ ዝገት ግን ሌላ ነው፡፡ ከታች የሚዞረው መንጠቆ ጫፉ ከዛገ ወይም ከደነዘ ክር ይዘላል፣ ክር ይበጥሳል፡፡

ቀጥላ መርፌውን የሚሸከመውን ዘንግ ከታች ይዛ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ ትነቀንቀዋለች፡፡ ከተወዛወዘ አትገዛም፡፡ ለተራ ስፌት ትንሽ ውዝዋዜ አይጎዳ ይሆናል፤ ለጥልፍ ግን ጨርቁ በየአቅጣጫው ስለሚሳብ መርፌው እየተጣመመ ብረት ይመታል፡፡ መርፌው የሚገባባትን ቀዳዳ ደግሞ በጥፍርዋ ትዳስሳለች፡፡ በመርፌ ተመትቶ የተጫረ ከሆነ ክሩን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል፡፡ ይህ ግን ሳህኗን በመለወጥ ወይም በስስ ብርጭቆ ወረቀት በማለስለስ ይድናል፤ ዋጋ ማስቀነሻ እንጂ ማስቀሪያ አይደለም፡፡

በመጨረሻ ከላይ ቀይ፣ ከታች ነጭ ክር አድርጋ ትሰፋለች፡፡ ነጩ ከላይ ከታየ የላይኛው ክር ጠብቋል፤ ቀዩ ከታች ዘንጎ ከታየ ላልቷል፡፡ ማጥበቂያው ሲዞር መስተካከል አለበት፤ ቢዞር ባይዞር ለውጥ ካላመጣ ሽቦው አልቋል ማለት ነው፡፡ (ለጥልፍ ሲሆን የላይኛው ትንሽ ላላ ብሎ ወደ ታች ቢሳብ ነው የሚያምረው፡፡) ይህን ሁሉ ስታደርግ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ትቀመጣለች፡፡ የሚቸኩል ሻጭ ካለ እንዲህ አለችኝ፤ «እርሱ መኪናውን ያውቀዋል ማለት ነው»፡፡

የቦቢኑ ቤት አብሮ መኖሩን፣ የመርፌው ዓይነት ከሚሴ ወይም ኮምቦልቻ ሱቅ መገኘቱንም አረጋግጡ፡፡ በእኛ ቆላ ደግሞ ምስጥ አለ፤ ጠረጴዛውን ገልብጣችሁ ከሥሩ እዩት፡፡ የብረቱ እግር የተሰነጠቀና በብየዳ የተያያዘ ከሆነ ሲረገጥ ይንቀጠቀጣል፤ ጥልፉም አብሮት ይንቀጠቀጣል፡፡ የቆዳው ቺንጋ ግን ቢበጠስም ርካሽ ነው፤ ስለ እርሱ አትከራከሩ፡፡

እንግዲህ እስካሁን ስለ ዕቃው ተናገርኩ፡፡ ከዚህ በላይ ግን የሚከብደኝ የሻጩ ጉዳይ ነው፡፡

በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ እኛ ድረስ መጥቶ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ፣ ስንት ቤትና ስንት ፋብሪካ እንደተዘረፈ እናውቃለን፡፡ የስፌት መኪናም ከተዘረፈው ውስጥ ነበር፡፡ የዚያ ዕቃ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፡፡ መኪናው ከአልጋው ብረት ላይ ወይም ከጎኑ የተመታ ተራ ቁጥር አለው፡፡ ያ ቁጥር በሞረድ ተፍቆ ካገኛችሁት እጃችሁን ሰብስቡ፡፡ ሕጉ የተሰረቀ መሆኑን ያወቀን ብቻ ሳይሆን ማወቅ ይገባው የነበረንም ይቀጣል፡፡ ሕጉ ባይኖር እንኳ የአንዲት እናት እንጀራ ነው፤ የኦሮሞ ትሁን የአማራ፣ የክርስቲያን ትሁን የእስላም፣ በዚያ መኪና የተጠለፈ ልብስ ለብሰን ለቅሶ ላይ ከእርሷ ጎን መቀመጥ አንችልም፡፡

ሌላው የሙት መኪና ነው፡፡ ይህ በቀጥታ ቅሬያችንን ይመለከታል፡፡ አባላችን የሆነ ልብስ ሰፊ ይሞታል፡፡ ቀብረን፣ ድንኳኑን ሳንነቅል፣ ደላላው ሚስቱን ከጓሮ ጠርቶ «መኪናው ያረጃል፣ አሁን የሚገዛ ሰው አለኝ» ይላታል፡፡ እርሷ በዚያ ሰዓት እንኳን የመኪና ዋጋ የራሷንም ስም አታስታውስም፡፡ ከዋጋው ግማሽ ባልሞላ ይወሰዳል፡፡ ከወራት በኋላ ልጆቹ «የአባታችን መኪና የት ሄደ?» ብለው ይመጣሉ፤ ገዢዋ ደግሞ ያልጠረጠረች፣ እቁቧን የከፈለች ምስኪን ናት፡፡ ሁለት ድኻ ሴቶች ፍርድ ቤት ይቆማሉ፤ ደላላው የለም፡፡ እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ከአንድ ጊዜ በላይ ጽፌአለሁ፡፡

መታወቅ ያለበት መኪናው የውርስ ሀብት መሆኑን ነው፡፡ በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ከሆነ ግማሹ አስቀድሞም የሚስቲቱ ነው፤ የቀረው ለወራሾች ነው፡፡ ጉዳዩ በባለጉዳዮቹ ፈቃድ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታይ ከሆነ ሟቹ ልጆች ሲኖሩት የሚስት ድርሻ ከውርሱ አንድ ስምንተኛ ነው፤ የቀረው የልጆችና የሌሎች ወራሾች ነው፡፡ በየትኛውም ሕግ ቢሆን ከአንድ ወራሽ ብቻ የገዛ ሰው ክርክር ገዝቷል፡፡ ስለዚህ ለገዢዎች የምለው፣ የሟች መኪና ሲሆን ወራሾቹ ሁሉ ሳይፈርሙ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ካሉም ሞግዚታቸው ሳይፈርም አትግዙ ነው፡፡ ለኮሚቴው ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ፡፡ አባላችን ሲሞት የሥራ መሣሪያው ለክርስቲያኑ ከ40 ቀን በፊት፣ ለሙስሊሟ ሚስት ደግሞ የዒዳዋ አራት ወር ከአሥር ቀን ሳይሞላ በቅሬያችን ሰው በኩል እንዳይሸጥ፣ የሚሸጥም ከሆነ ሁለት የኮሚቴ አባላት በምስክርነት እንዲቆሙ በመተዳደሪያ ደንባችን ይግባ፡፡ ደግሞ ማን ያውቃል፣ በእነዚያ ወራት ውስጥ ሴትየዋ ወይም ልጇ በመኪናው ላይ ቁጭ ብላ መሥራት ትጀምር ይሆናል፡፡ ያን ጊዜ መሸጡም ይቀራል፡፡

ስለ ውሉ አጠር አድርጌ ልናገር፡፡ የመኪናው ስም፣ ተራ ቁጥሩ፣ አብረው የተሰጡት ዕቃዎች፣ ዋጋው በአኃዝና በፊደል፣ የሁለቱ ወገኖች የመታወቂያ ቁጥር፣ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ሁለት ምስክር፡፡ «ባለበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የሚል ቃል ሻጭ ሊያስገባ ይፈልጋል፤ ምን እንደሆነ ሳይገባችሁ አትፈርሙ፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሰወረ ጉድለት ዋስ ነው ይላል፤ ሆኖም ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ መርምሮ ጉድለቱን ወዲያው ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፡፡ ሁለት ወር አስቀምጦ «ይዘላል» ማለት አይሠራም፡፡ ቀብድ ከሰጣችሁም ይጻፍ፡፡ በዚያው ሕግ ቀብድ የሰጠ ቢቀር ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢቀር ግን እጥፉን ይመልሳል፡፡ ይህን የሚያውቅ ሻጭ ነገ የተሻለ ዋጋ መጣ ብሎ አይከዳችሁም፡፡

ገንዘቡን በሚመለከት፣ ወለድ የማይወድ ሰው በመካከላችን ብዙ ነው፡፡ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ፣ ሌሎችም ባንኮች ከወለድ ነፃ በሚለው ክፍላቸው፣ ሙራባሃ የሚባል አሠራር አላቸው፤ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በክፍያ ይሸጥላችኋል፡፡ ለአዲስ መኪና ይህን መጠየቅ ይጠቅማል፡፡ ከመንደር ለሚገዛ አሮጌ መኪና ግን እቁባችን ይቀላል ባይ ነኝ፡፡ ብቻ የእቁቡን ገንዘብ ሁሉ ለመኪናው አትስጡ፡፡ መቶ ብር ቢኖራችሁ ሰባው ለመኪናው፣ ሠላሳው ለጥገናው፣ ለጥልፍ ክር፣ ለጨርቅና ለጥሩ አምፖል ይቅር፡፡ ጥልፍ ክር ይበላል፤ ደግሞ ባልተሟላ ቀለም የጀመረች ሴት የመጀመሪያዋን ደንበኛ ታጣለች፡፡ በደብዛዛ መብራት የሚጠለፍ ጥልፍም ዓይንን ነው የሚጨርሰው፡፡

መኪና ለማየት የምትሄዱ እህቶች ባለቤቴ ከምሳ በኋላ ቤት ትገኛለች፤ አብራችሁ ትሄዳለች፡፡ አቡጀዲውንና ክሩን ግን እናንተ ያዙ፡፡ ስለ ደንቡ ያቀረብኩትን ሐሳብ ሰብሳቢው ለውይይት ቢያቀርቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ፡፡